በቀኙ ጠርዝ የምትቆመው

ፎቶ አንሺው ይገዙ ሚስቱ አዲስአለም የሞተች ዕለት አንድም የሚስቱ ፎቶ አልነበረውም። ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ብሎ ያልፈዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰውዬ ስስቅ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ሱልጣና እባላለሁ። አዋሽ ሰባት፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ያለችው ቁርስ ቤት የኔ ናት። የይገዙ ፎቶ ቤት ከኔ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ እሱን ያስነጥሰዋል፤ እሱ ሬዲዮ ሲከፍት እኔ ዜና እሰማለሁ። ከባቲ ተድሬ ስመጣ መጀመሪያ በሬን ያንኳኳችው አዲስአለም ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ በጾሟ የሷን ምግብ ለብቻው በሌላ ድስት እሠራላታለሁ፣ በረመዳን ደግሞ መግሪብ ሊል ሲል ቴምር ይዛ በሬ ላይ ትቆማለች። ትምህርት ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምነው። እሷ በሒሳብ ትበልጠኝ ነበር፤ እኔ በወሬ።

ይገዙ በወጣትነቱ የታወቀው በሰፊ ፎቶ ነው። ያን ጊዜ ስልክ ማለት ገመዱ ከግድግዳ የተሰካ ነገር ነበር። እሱ ግን በዜኒት ካሜራው የአዋሽን ገደል ከዳር እስከ ዳር ያነሳ ነበር። አንድ ፎቶ ስለማይበቃው አምስትም ስድስትም አድርጎ፣ ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ያነሳል። ፊልሙን ናዝሬት ልኮ ያሳጥባል። ሲመጣለት ጫፍ ጫፉን በምላጭ እየቆረጠ ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ይገጣጥመዋል። ሲያልቅ ሁለት ክንድ የሚሆን ገደል፣ ከነወንዙ፣ ከነድልድዩ፣ ግድግዳ ላይ ቁጭ ይላል። ምግብ ቤቱም ሆቴሉም ቢሮውም እየወሰደ ሰቀለው፤ እስከ ሚሌ፣ እስከ አሳይታ።

አስቸጋሪው መጋጠሚያው ነው። የኛ አገር ሜዳ ድንጋይና ግራር፣ ግራርና ድንጋይ ነው፤ አንዱ ፎቶ የት እንዳለቀ፣ ሌላው ከየት መጀመር እንዳለበት በካሜራው ቀዳዳ ሲያዩት አይለይም። ስለዚህ ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱ አዲስአለም ነበረች።

እንዲህ ነበር የሚሠሩት። እሷ ርቃ ሄዳ ትቆማለች። እሱ ካሜራውን አዙሮ አዙሮ እሷን በቀኙ ጠርዝ፣ ልክ ጫፉ ላይ ሲያገኛት ያነሳል። ከዚያ እሷ ሳትነቃነቅ እንደገና ያዞራል፤ አሁን በግራው ጠርዝ እስክትገባለት። ያን ጊዜ «ቀጥዪ» ይላታል። ትሄዳለች፤ እንደገና ቀኙ ጠርዝ ላይ ስትደርስ «በቃ» ይላል፤ ያነሳል። እንዲህ እያሉ ይጨርሱታል። ቅድም ቆማበት የነበረው ቦታ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እሷ ያለችበትን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ ይጥልና ባዶውን ያስገባበታል። አዲስአለም ገደሉን ሙሉ በእግሯ ሄዳዋለች። ፎቶው ላይ ግን የለችም።

«አንቺ መንገድ ቀያሽ ሆነሽ ደመወዝ የሌለሽ ነሽ» እላት ነበር። ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ከፊት ካሉት ጥርሶቿ አንደኛው ዘመም ያለ ነበር።

ልማድ አደረገችው። ሰው ስልክ ባነሳ ቁጥር እግሯ ራሱ ወደ ቀኝ ዳር ይወስዳታል። በሰው ሰርግ፣ በልደት፣ በእድር ስብሰባ የተነሱትን ፎቶዎች ብታዩ፣ ቀኝ ዳር ላይ አንድ ክርን ወይም የነጠላ ጫፍ ታገኛላችሁ፤ አዲስአለም ናት። በራሷ ሰርግ ደግሞ ፎቶ የሚባል አልተነሳም። ይገዙ «የፎቶ አንሺን ሰርግ ማን ያንሳው» ብሎ ሲቀልድ ቀኑ መሸ።

ኅዳር ላይ ልጃቸውን ኤፍራታን ልትጠይቅ ሰመራ ሄደች። ኤፍራታ አንዲት ልጃቸው ናት፤ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አዲስአለም ልብስ አጥባ ስታሰጣ «ትንሽ ደከመኝ» ብላ የግቢው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሐኪም ቤት ሲያደርሷት አልቆላት ነበር። ልቧ ነው አሉ። ልቧ ታሞ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ሲደክማትም ለኔ አትነግረኝም።

አዋሽ አምጥተን ቀበርናት። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ከዛፉ ሥር ቆሜ አላህ ይዘንላት አልኩ።

በሣልስቱ ማግሥት ኤፍራታ አባቷን ስለ ፎቶው ጠየቀችው። በኛ ከተማ ለአርባው ድንኳኑ መግቢያ ላይ የሟች ትልቅ ፎቶ ይቆማል፤ ስሟ፣ የተወለደችበትና ያረፈችበት ዓመት ከሥሩ። እንግዲህ ስሙት፦ በአዋሽ ለሞተ ሰው ሁሉ ያንን ፎቶ የሚያዘጋጀው ይገዙ ነው። የስንቱን ደብዛዛ ጉርድ ፎቶ አጥርቶ፣ አሳድጎ፣ ክራባት ሳይቀር ጨምሮለት ለአርባው አድርሷል። ኤፍራታ ስትጠይቀው «አለ፣ አለ» አላት። ወደ ፎቶ ቤቱ ገባ፤ ምሳ ሰዓት አልፎም አልወጣም። ምሳውን ይዤለት ስገባ ወለሉ ላይ በካርቶን ተከቦ ተቀምጦ ነበር።

ያገኘው የቀበሌ መታወቂያዋን ብቻ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የተሰጠ፤ ፎቶው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ሆኖ ማኅተሙ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ አርፎበታል። አሳድጎ ሞከረው። ማኅተሙም አብሮ አደገ። አዲሱን መታወቂያ ደግሞ ነገ ዛሬ ስትል አልተነሳችለትም፤ ወረፋው ረጅም ነው ብላ ከኔ ጋር ተቀምጣ ቃሪያ ስትሰነጥቅ ነው የቀረችው። ፊልሞቹስ አልኩት። እዚያ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ የአዋሽ ፀሐይ ስንት ዓመት ሲያበስላቸው ኖሮ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጥቁር ጡብ ሆነዋል። በቢላዋ ሊለያያቸው ሞክሮ ጣቱን ቆርጧል። ደሙን በሸሚዙ እየጠረገ፣

«አንድ ቦታ ሳትቆረጥ ቀርታ ይሆናል» አለኝ። «መቼም ሰው ነኝ፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ ተሳስቼ ይሆናል።»

ሰው ተሳስቼ እንደሆነ ብሎ ሲመኝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የከተማውን ሰፊ ፎቶዎች በሁለት ቀን ዞሮ አያቸው፤ አንዱም ጋ የለችም። ኤፍራታም ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት፤ የእናቷ ሻንጣም እዚያው ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሦስታችን ወደ ሰመራ ጉዞ ጀመርን፤ መንገድ ላይ ሚሌ ወርደን የሱሩርን ሆቴል ልናይ። ሱሩር የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከይገዙ ሥራዎች ትልቁ ተሰቅሏል፤ ስድስት ፎቶ፣ የሚሌ መገንጠያ ከነከባድ መኪናው። ስድስት ፎቶ ማለት አዲስአለም አምስት ጊዜ የቆመችበት ማለት ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጅና አባት የተለመደ ክርክራቸውን ጀመሩ፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው የሚያውቀውን ነገር ይዞ ነው የሚንጠለጠለው። ኤፍራታ በስልኳ ሰፊ ፎቶ ማንሳት ትወዳለች። ስልኩን አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ታዞረዋለች፤ በቃ፣ ራሱ ገጣጥሞ ያወጣዋል። ይገዙ ይህን ጉዳይ እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው።

«ስልክ ያያል እንጂ አይመለከትም» አላት።

«ምላጭም አይፈልግም፣ አባዬ» አለችው።

ይገዙ ክንዱን አጣምሮ ወደ ፊት ወደ መንገዱ ዞረ። እሷም ያለችው ነገር ዘግይቶ ገብቷት መሰለኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሱሩር ከነአስተናጋጆቹ ተነስቶ ተቀበለን፤ አላህ ያጽናችሁ አለ። ይገዙ ወንበር አስመጥቶ ፎቶው ሥር ቆመበት። መጋጠሚያዎቹን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች መረመረ። ምሳ ላይ የነበሩት አሽከርካሪዎች ሩዛቸውን ትተው ያዩት ጀመር። ቅዱስ ሥዕል የሚሳለም ነበር የሚመስለው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ረጅም ጊዜ ቆየ። ጣቱን አስጠግቶ ካየው በኋላ ተወው። የከባድ መኪና ጥላ ነበር።

ሱሩር ምን እንደሚፈልግ ማንም አልነገረውም። ሊያስደስተው ብሎ፣

«ጋሽ ይገዙ፣ የእርስዎ ሥራ እኮ ይኸው ነው» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ሥር ስበላ ስፌቱን አንድ ቀን አላየሁትም።»

ይገዙ ከወንበሩ ወረደ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ምሳ ቀረበልን፤ አልበላም።

ሰመራ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የሰመራን ሙቀት የማያውቅ ሰው ካለ፣ የዳቦ ምድጃ ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። የኤፍራታ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ማራገቢያው ጣራው ላይ እየተንጫጫ ይዞራል። አዲስአለም ያሰጣችው ልብስ ተጣጥፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳጠፈው አልጠየቅንም።

ይገዙ ሻንጣዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ድንገት ቀና ብሎ አየኝ።

«ሱልጣና፣ ቁራጮቹ የት ይሄዱ ነበር?»

ከአዋሽ ጀምሮ ስፈራው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። ከሣልስቱ ጀምሮ ማለት ይሻላል።

«የቱ ቁራጮች?» አልኩት፤ የማላውቅ ለመምሰል።

«የምቆርጣቸው። ጠረጴዛው ላይ እተዋቸዋለሁ፤ ጠዋት የሉም። አዲስአለም ትጠርጋቸው ነበር። እኔ መቼም ጠይቄ አላውቅም። ትንሽ ነገር ማስቀመጥ ትወድ ነበር እኮ፤ ቁልፍ፣ ክር... ምናልባት የሆነ ቦታ...»

ዓይኑ ውስጥ ተስፋ ነበር። ያንን ተስፋ ላየ ሰው ውሸት መናገር ቀላል ነው፤ አላውቅም ብል ኖሮ ዕድሜ ልኩን ሲፈልግ ይኖር ነበር። ስለዚህ ነገርኩት።

ቁራጮቹ እኔ ጋ ነበር የሚመጡት። አዲስአለም በፌስታል ሰብስባ ጠዋት ጠዋት ይዛልኝ ትመጣለች፤ ለከሰል ማቀጣጠያ። ወረቀት ውድ ነው፤ ጋዜጣ አዋሽ አይደርስም። ብጣሽ ብጣሹን እሳቱ ላይ ስወረውር አያቸው ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ ጣት የምታክል ሴት ቆማለች፤ ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች፣ አንዳንዴም ኤፍራታን ያረገዘች። እሷው ናት የምትቀልደው። ደፉ ላይ ቆማ ፌስታሉን ታነሳና፣ «ሱልጣና፣ እኔን አምጥቼልሻለሁ፣ ለኩሺኝ» ትለኛለች። እኔም እለኩሳታለሁ። ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ስንት ዓመት እንደሳቅን እንጃ፤ ፊልም እስኪቀር ድረስ።

ይህን ሁሉ ስናገር ኤፍራታ አፏን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ነበር። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ስለ ሻሹ ስናገር ይመስለኛል። ቢጫው ሻሽ የኔ ስጦታ ነበር፤ ከባቲ ገበያ ያመጣሁላት።

ይገዙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተቆረጠ ጣቱን ሲያሻሽ ቆየና፣

«ጥሩ ይነድ ነበር?» አለኝ።

«አይነድም። ይጨማደድና ይሸታል። ሦስት አራቱን ካላደረግኩ ከሰሉ አይያዝልኝም።»

«እሷ እንደዚያ ናት» አለ። «በአንዴ አትይዝም።»

ሊስቅ ፈልጎ ነው። ፊቱ ግን እሺ አላለውም። ያ ትልቅ ሰው የሚስቱን ሻንጣ አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኛም እስኪወጣለት ተውነው።

በኋላ፣ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ሲል፣ ኤፍራታ ስልኳን አወጣች። ከሳምንት በላይ ደብቃው የኖረችውን ነገር ልታሳየን። መጀመሪያ አፍራበት ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ አባቷ እንዳይሰበር ፈራች። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ በመጣች በሦስተኛው ቀን ከሰመራ ወጣ ብለው ነበር፤ ጥቁሩ የእሳት ድንጋይ ሜዳ ጋ። ኤፍራታ ሜዳውን ሙሉ ከናቷ ጋር በስልክ ላንሳው አለች፤ «እማዬ፣ እዚያ ቁሚልኝ፣ እንዳትነቃነቂ» ብላ አቆመቻት። ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ስትጀምር አዲስአለም መሄድ ጀመረች። ወደ ቀኝ፣ ከስልኩ እኩል፣ ቀስ እያለች። ቀጥዪ ያላት ሰው አልነበረም። የለመደችውን ነው የሠራችው፤ ጠርዙ ላይ መድረስ ነበረባት።

ስልክ ደግሞ አብሮት የሚሄድን ሰው ይለጥጠዋል። ሜዳው፣ ተራራው፣ ሰማዩ ደህና ወጥቷል። በመሐሉ ግን ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ረጅም አረንጓዴ ነገር ተዘርግቷል፤ ልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ ነፋስ የወሰደው ቀሚስ ይመስላል። ከላዩ ላይ ቢጫ መስመር። ፊት የለውም፤ ፊቷ እንደ ሊጥ ተስቦ ግማሽ ሜዳ ሞልቷል። ያን ዕለት ያዩት ጊዜ እናትና ልጅ በሳቅ ወድቀው ነበር አሉ። አዲስአለም «ይኼን ለአባትሽ አሳይው፣ ስልክ ወፍራም አደረገኝ በይው» ብላ ነበር።

ይገዙ ስልኩን ተቀበለ። በሁለት ጣቱ አሰፋው፤ ከግራ ጫፍ ጀምሮ ወደ ቀኝ እያሻገረ ቀስ ብሎ ሄደበት፤ መጋጠሚያ እንደሚመረምር አድርጎ። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሻሹን አሳየሁት። አውቆታል።

«አልቆረጣትም» አለ።

ኤፍራታ፣ «አባዬ፣ ፊቷ እኮ የለም» አለችው።

«አየሁት። እኔ ጋ እሷም የለችም።»

ለአርባው የቆመው ፎቶ እሱ ነው። የተከራከረው ሰው ብዙ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ነገር ድንኳን ፊት አይቆምም ብለው ነበር፤ ዘመዶቿም የኤፍራታን ፊት መነሻ አድርጎ እናቷን የሚመስል ፊት እንዲሠራ ለመኑት። ለስንቱ ሰው ክራባት ስትጨምር አልነበር እንዴ፣ ለራስህ ሚስት አቃተህ አሉት። ለእሷ አልጨምርም፣ አልቀንስም አለ። ናዝሬት ሄዶ በትልቁ አሳተመው፤ ሁለት ክንድ፤ ከሥሩ ስሟንና ዓመቱን ብቻ ጻፈ። ኮምፔንሳቶው ላይ በኮላ ሲለጥፈው አጠገቡ ነበርኩ። ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ፤ ያዢልኝ ብሎ። እስካሁን እኔ ጋ ናት፤ ቃሪያ እንኳ አልሰነጠቅኩባትም።

ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ቆም እያለ ያየዋል። አንዲት አሮጊት ይህ የሰንደቅ ዓላማ ፎቶ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዲስአለም ናት፣ እየሄደች ነው አልኳቸው። ቀረብ ብለው አዩና፣ «አዎን፣ አካሄዷ ነው» አሉ። በአርባው ያለቀስኩት በሳቸው ቃል ነው።

ንፍሮው ተበልቶ፣ ካህናቱ ሄደው፣ ሰው ሊበተን ሲል ኤፍራታ የመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ ፎቶ ላስቀምጥ ብላ ስልኳን አነሳች። የአዲስአለም ፎቶ በቀኙ ጫፍ ሆኖ ሁላችንም በግማሽ ክብ ቆምን። እኔ መሐል ገባሁ፤ እኔ ሁሌም መሐል ነኝ። ኤፍራታ «ማንም እንዳይነቃነቅ» አለችና ከግራ ጀመረች።

ይገዙን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከግራ ዳር ወጥቶ በሰዉ ፊት መሄድ ጀመረ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከስልኩ እኩል፣ ቀስ እያለ። ከኔ ፊት ሲያልፍ ወደኔ አላየም። ኤፍራታም አይታዋለች፤ አላቆመችም ግን። እስከ ቀኙ ጠርዝ፣ ፎቶው እስከቆመበት ድረስ ወሰደችው። እዚያ ሲደርስ ቆመና ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ፤ የሆነ ሰው «በቃ» እስኪለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ማንም አላለውም። ሄጄ እጁን ያዝኩትና ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።